የመስኮት ወንፊትና የበርሜል ክዳን፤ በድሬዳዋ ስላሠራሁበት የብረት ሥራ ቤት

ድሬዳዋ ውስጥ ለቤቱ የቢንቢ መከላከያ ወንፊት ማሠራት የሚፈልግ ሰው ቢጠይቀኝ የምልከው ሳቢያን ሰፈር ወዳለች አንዲት ጠባብ የብረትና የአልሙኒየም ሥራ ቤት ነው። በሯ ላይ ስም አልተጻፈም። ያላለቁ የበር ፍሬሞችና የተቆረጡ ላሜራዎች አጥሩን ተደግፈው ስለሚቆሙ ግን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያያታል። ሥራቸው ጠንካራ ነው፣ ዋጋቸው ለደመወዝተኛ የሚቻል ነው፣ ቀጠሯቸው ግን አይታመንም፤ ለሚቸኩል ሰው አልመክራትም። ነገሩን በዚህ ብቻ መጨረስ ይቻል ነበር። ነገር ግን ድሬዳዋ ላይ ወንፊት የቤት ማስዋቢያ አይደለም፤ የጤና ጉዳይ ነው። እኔም በሥራዬ ውጤቱን በየቀኑ ስለማየው ሰፋ አድርጌ እጽፋለሁ።

የምሠራው በጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ከጣት ደም ወስዶ ስላይድ ማዘጋጀትና በማይክሮስኮፕ የወባ ጥገኛ ተሕዋስ መፈለግ የዕለት ሥራዬ ነው። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ስለሆነ ወባ የራሷ ወቅት እንዳላት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ዝናብ ይዘንባል፣ ውሃ ይቋጠራል፣ ከዚያ ሰው ይታመማል። በ2014 ዓ.ም. ይህ ሥርዓት ተፋለሰ። ወባ በማንጠብቅበት በበጋው ወር ወረፋው ከበሩ ወጣ፣ ስላይዱም ላይ የማየው ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት ብቻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2019 ዓመቱን ሙሉ 205 የወባ ሕሙማን ብቻ በተመዘገቡባት ከተማ፣ በ2014 ከጥር እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ብቻ ከ2,400 በላይ ተመዘገቡ።

የአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ባለሙያዎች መጥተው ምክንያቱን ሲፈልጉ ያገኟት አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የምትባለውን ቢንቢ ነበር። አገሯ ደቡብ እስያና የዓረብ ባሕረ ገብ መሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ታየች፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘች። ይህች ቢንቢ ረግረግና ኩሬ ፍለጋ ከከተማ አትወጣም። የምትራባው እኛው በየግቢያችን ባጠራቀምነው ንጹሕ ውሃ፣ በበርሜል፣ በታንከር፣ ለግንባታ ተቆፍሮ ውሃ በተሞላ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ባለሙያዎቹ በታመሙ ሰዎች ቤት ዙሪያ እጯ ያለበት የውሃ ማጠራቀሚያ ካልታመሙት ይልቅ በብዛት አግኝተዋል። ከተሕዋስያኑም መካከል ፈጣኑ መመርመሪያ የሚፈልገውን ፕሮቲን የማያመነጩ ስለተገኙ፣ ማይክሮስኮፑን ትቼ በፈጣኑ መመርመሪያ ብቻ እንድሠራ የሚመክረኝን ሰው ዛሬም አልሰማም።

በርሜላችን ሁልጊዜ ሙሉ የሚሆነው ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ነው። ቧንቧው ለቀናት ይደርቅና ሌሊት ላይ ድንገት ይመጣል፤ ያን ጊዜ የግቢው ሰው ሁሉ ተነስቶ ያለውን ዕቃ ሁሉ ይሞላል። ውሃ በየቀኑ ቢመጣ ኖሮ በሙቀት በተጣበበ ግቢ ውስጥ በርሜል የሚደረድር ማን ነው? ይኸው በርሜል ከወባው በፊትም ሁለት ጊዜ ጎድቶናል። በ2006 ዓ.ም. ደንጊ ገብቶ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ታመመ። በ2011 ክረምት ደግሞ ቺኩንጉንያ መጣና እስከ አዲሱ ዓመት ድረስ ከ40 ሺህ በላይ ሰው ያዘ። ያኔ ከተማው በሙሉ ጉልበቱንና ወገቡን ይዞ ነበር የሚሄደው። እናቴ ከዚያ በኋላ ለወራት ከአልጋ ስትነሳ ግድግዳ መያዝ ነበረባት። ሁለቱንም በሽታ የምታስተላልፈው ኤደስ ኤጂፕታይ የምትባለው ቢንቢ ስትሆን፣ የምትናከሰው በቀን ነው። አጎበር ለሌሊት እንጂ ለቀን አይሆንም። ቀኑን ሙሉ ቤት ለሚውሉት ለአሮጊትና ለሕፃን የሚሆነው ወንፊት ነው።

የምኖረው ከእናቴና ከልጆቼ ጋር በቀበሌ ቤት ነው። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ የከተማ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ኪራያቸው ዝቅተኛ የነበረው ወደ ቀበሌ ገቡ፤ የእኛም ከእነዚያ አንዱ ነው። ኪራዩ እጅግ አነስተኛ ነው፤ እናቴ በጡረታ ገንዘቧ ከጎረቤቶቿ ሳትለይ ልጆች ያሳደገችው በዚህ ቤት ስለሆነ ዋጋውን አውቃለሁ። ነገር ግን በዚያ ኪራይ ቤት አይታደስም። የሚያከራየው አካል የጥገና ገንዘብ የለውም፤ ተከራዩም የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ይፈራል። ሁለቱ ሲጠባበቁ ልስኑ ይረግፋል፣ የቆርቆሮው ጠርዝ ይነሳል። የእኛ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ እንጨት ነው፤ በግድግዳውና በጣሪያው መካከል እጅ የሚያስገባ ክፍተት አለ። የኋለኛው ክፍል ወለል አፈር ነው። ግቢው አንድ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ቤት ይጋራል፤ በየበሩ ደግሞ በርሜል ቆሟል።

ከዚህች ሥራ ቤት በፊት ወደ ሌሎች ሁለት ቤቶች ሄጄ ነበር። አንደኛው ቤቱን ሳያይ በስልክ ዋጋ ነገረኝ። ሌላው የቀበሌ ቤት መሆኑን ሲሰማ ፊቱ ተለወጠ። የሳቢያኑ ባለሙያ ግን ሜትሩን ይዞ ራሱ መጣ፤ ሥራ ቤቷን ካስወደዱኝ ነገሮች የመጀመሪያው ይህ ነው። ገብቶ መስኮቱን ከመለካቱ በፊት ቀና ብሎ ጣሪያውን ተመለከተ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በበሩ ሥር እጁን አሳለፈ።

«እህቴ፣ መስኮቱን ብቻ ብሠራልሽ ገንዘብሽን በከንቱ መውሰድ ነው» አለኝ። «ቢንቢዋ በመስኮት ካልገባች በጣሪያው ሥር ትገባለች። እኔ ከላይና ከታች ካልዘጋሁ ሥራውን አልይዘውም።»

ይህንን ከብረት ሠሪ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። በትምህርት የተነገረኝ ነገር ነው። ወንፊት ከፀረ ቢንቢ ርጭትና ከዘመናዊ መድኃኒት በፊት የነበረ መከላከያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1899 አንጄሎ ቼሊ የተባለ ጣሊያናዊ ሐኪም ወባ በበዛበት የባቡር መስመር ላይ የሠራተኞችን ቤት በወንፊት አዘግቶ፣ በተዘጉት ቤቶች የሚኖሩት በብዛት ከወባ መትረፋቸውን አሳየ። በዓመቱ ደግሞ ስኮትላንዳዊው ሐኪም ፓትሪክ ማንሰን ሁለት ሐኪሞችን በሮም አቅራቢያ በሚገኝ ወባማ ሜዳ ላይ በወንፊት በታጠረ የእንጨት ቤት ውስጥ አስቀመጣቸው። የወባውን ወቅት መድኃኒት ሳይወስዱ ጤነኛ ሆነው ጨረሱ። ያን ጊዜ የእኛ ባቡር ገና ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን እየቆረጠ ነበር፤ ድሬዳዋም አልተወለደችም። በአገራችንም በአርባ ምንጭ አካባቢ በተደረገ ጥናት በርና መስኮታቸው በወንፊት በተዘጉ ቤቶች ውስጥ የሚገኘው የወባ ትንኝ ቁጥር በግልጽ ቀንሷል። በጋምቢያ የተደረገው ጥናት ደግሞ ወንፊት በተሠራላቸው ቤቶች የሚኖሩ ሕፃናት የደም ማነስ መቀነሱን አሳይቷል። እንግዲህ መቶ ዓመት ያለፈው እውቀት ነው፤ እናቴ ቤት ድረስ ለመምጣት ነው የዘገየው።

ስለ ወንፊቱ ዓይነት ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እዚህ ላይ ልቆይ። ሥራ ቤቷ ሦስት ዓይነት ታቀርባለች። አንደኛው በየገበያው በሜትር የሚሸጠው አረንጓዴ የናይለን ወንፊት ነው። ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የድሬ ፀሐይ በአጭር ጊዜ ያደርቀዋል፣ ድመት አንድ ጊዜ ከቧጨረችው አለቀ። ባለሙያው ራሱ «ከገንዘብ እጥረት በቀር አትምረጭው» አለኝ። ሁለተኛው ግራጫው የፋይበር ነው፤ ለስላሳና ነፋስ የሚያሳልፍ፣ በጎማ ማስያዣ ተወጥሮ የሚገባ። ሦስተኛው የአልሙኒየም ሽቦ ነው፤ ውድና ጠንካራ። እኔ ለመስኮቶቹ ፋይበሩን፣ ልጆች በእግር ለሚገፉት ለበሩ የታችኛው ክፍል የአልሙኒየሙን አሠራሁ። ቀዳዳውን መለካት አትርሱ፤ ከ1.5 ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ዝንብ እንጂ ቢንቢ አይመልስም። በጣም የጠበበ ከሆነ ደግሞ ነፋስ ያግዳል። ድሬዳዋ ውስጥ ነፋስ ያገደ ወንፊት በመጀመሪያው የሚያዝያ ሌሊት ተቀዶ ይጣላል፤ ሰው ታፍኖ አይተኛም። ስለዚህ ባለሙያው አንዱን የታሸገ የኋላ መስኮት እንድንከፍትና በእሱም ወንፊት እንድናስገባ መከረን፤ ነፋሱ ከፊት ገብቶ ከኋላ እንዲወጣ ነው። ቤቱ ከበፊቱ ይልቅ ቀዘቀዘ። እናቴ ለዚህች አንዲት መስኮት ብቻ ስትል ባለሙያውን ዛሬም ትመርቀዋለች።

አሁን ወደ ጉድለቱ። የቀጠሮው ቀን ደርሶ አለፈ፤ ስደውል «ነገ» ይሉኛል፣ ነገም ይመጣና ስልኩ አይነሳም። ቀብድ ተቀብሎ መጥፋት ሰውን ያሳዝናል፤ በተለይ ያን ገንዘብ ከደመወዙ ቆጥቦ ላመጣ ሰው። በመጨረሻ ሲመጡ መስኮቶቹ ያለ እንከን ገቡ። የበሩ ወንፊት ግን የላይኛው ማዕዘኑ ከድሮው የእንጨት ቋሚ ጋር አልገጠመም፤ ቋሚው ራሱ ስለዘመመ ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ቀረ። ራሱን ችሎ እንዲዘጋ ሞላ እንደሚገባለት ተነግሮኝ ነበር፤ ሞላውን ረስተው መጡ። ልጅ ያለበት ቤት ሞላ የሌለው የወንፊት በር ሁልጊዜ ክፍት ነው። ቅሬታዬን ስናገር ግን አልተከራከሩኝም። በማግስቱ ሞላውን ይዘው መጡ፣ ማዕዘኑንም በጎማ ደፈኑት፣ ተጨማሪ አልጠየቁም።

የጣሪያውን ክፍተት በተረፈ ወንፊትና በቀጭን ጣውላ ዙሪያውን ዘጉት። በሩ ሥር ያለው ግን የብረት ሥራ አልነበረም። ወለሉ አፈር ስለሆነ አንድ ቦታ ከፍ፣ አንድ ቦታ ዝቅ ይላል፤ በሩ የቱንም ያህል በልክ ቢሠራ ሥሩ አይገጥምም። በመጨረሻ ግንበኛ ጠርተን ደፉን በሲሚንቶ አስተካከልን፤ ሲሚንቶው ከተገዛ አይቀር ብለን የኋለኛውን ክፍል ወለል በሙሉ አስለሰንን። ከወንፊቱ ይልቅ ለልጆቼ የጠቀመው ምናልባት ይህ ነው። ሜክሲኮ ውስጥ መንግሥት ለድሆች ቤት የአፈር ወለልን በሲሚንቶ የሚተካ ፕሮግራም ነበረው። ወለላቸው የተለወጠላቸው ቤቶች ውስጥ የሕፃናት የሆድ ትላትል፣ ተቅማጥና የደም ማነስ ቀንሶ ተገኝቷል፤ እናቶቻቸውም በኑሯቸው ይበልጥ መርካታቸውን ተናግረዋል። እኔ በላቦራቶሪ የሰገራ ምርመራ ውጤት ስጽፍ፣ ያው ልጅ መድኃኒቱን ወስዶ ወደዚያው የአፈር ወለል እንደሚመለስ አስባለሁ። ከወራት በኋላ ያንኑ ስም እንደገና እጽፋለሁ።

ወንፊቱ ከገባ በኋላ ቤቱ ውስጥ ሌሊቱ ጸጥ አለ። ነገር ግን እኛ የምንኖረው ቤት ውስጥ ብቻ አይደለም። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለች የሙቀት አገር ናት፤ ማታ ኑሮው ግቢ ነው። ቡናው ግቢ ይፈላል፣ ልጆች ግቢ ያጠናሉ፣ በሙቀቱ ወር ብዙ ሰው ፍራሹን አውጥቶ ግቢ ይተኛል። ስቴፈንሳይ ደግሞ ውጭም ትናከሳለች። ስለዚህ የእኔን ቤት ብዘጋ የጎረቤቴ በርሜል ክፍት ከሆነ ልጄ ማታ ግቢ ስትቀመጥ ትነከሳለች፤ የእኔ በርሜል ክፍት ከሆነም የጎረቤቴ ልጅ። ሁለተኛውን ሥራ ያዘዝነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ያዘዘውም የእኔ ቤት ሳይሆን የሰፈሩ እድር ነው።

እድራችን የሚመሩት ዳኛ የቀድሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው፤ ደብተር አያያዛቸው የሚያስከብር፣ አንዲት ብር ያለ ፊርማ የማያወጡ ሽማግሌ። ሐሳቡን ሳቀርብ መነጽራቸውን አውልቀው አዩኝ።

«ልጄ፣ ይህ የቀብር ገንዘብ ነው። ድንኳን ነው፣ ወንበር ነው፣ ለሐዘንተኛ ማብሊያ ነው። የበርሜል ክዳን እዚህ ውስጥ ምን አገባው?»

እኔ ከመመለሴ በፊት አንዲት የግቢያችን ሴት ተነሱ። «ጋሼ፣ በቺኩንጉንያው ጊዜ የማን ለቅሶ ላይ እንደሆነ ያስታውሱ። ድንኳን የሚተክል አንድ ወጣት አጥተን ሴቶች ነን ገመዱን የጎተትነው። ያን ቀን የታመመው ሰው ብቻ አልነበረም፤ እድሩም ታሞ ነበር።»

ማንም አልሳቀም፤ ሁሉም ያስታውሰዋል። እኔ ከራሴ በርሜል ቀድቼ በብርጭቆ ያመጣሁትን ውሃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። እጮቹ ይታያሉ። ከውሃው ገጽ ጋር ተስተካክሎ የሚጋደመው የወባዋ፣ ጭንቅላቱን ወደ ታች ዘቅዝቆ የሚንጠለጠለው ደግሞ የደንጊዋና የቺኩንጉንያዋ ቢንቢ ልጅ እንደሆነ አሳየኋቸው። አንድ አባል «ይህማ የውሃ ትል ነው፣ ሁልጊዜ አለ» አሉ። አዎ፣ ሁልጊዜ አለ። በእኛ ሙቀት ከእንቁላል ተነስቶ ክንፍ ለማውጣት ሳምንት ከጥቂት ቀን ይበቃዋል። ብርጭቆው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዳኛው እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ተመለከቱ፤ ከዚያ ደብተሩን ከፈቱ። ግማሹን እድሩ፣ ግማሹን ባለቤቱ እንዲከፍል፣ ጧሪ ለሌላቸው አሮጊቶች ሙሉውን እድሩ እንዲሸፍን ተወሰነ። ከእኛ ጋር ግቢ የሚጋሩት ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ነገሩን እንደ እድር ወዳለው መረዳጃ ማኅበራቸው፣ ወደ አፎሻቸው ወስደው በዚያው አኳኋን ወሰኑ፤ ትዕዛዙም አንድ ላይ ወጣ። ብዙ ሆኖ ስለታዘዘ ሥራ ቤቷ የአንዱን ክዳን ዋጋ ቀነሰችልን።

የመጀመሪያው ክዳን ግን አልሠራም። ከላሜራ የተቆረጠ ሙሉ ክብ ነበር፤ ከባድ ነው፣ ቀትር ላይ ደግሞ እጅ ያቃጥላል። ልጅ ውሃ ሊቀዳ ያነሳውና መሬት ይጥለዋል፣ በዚያው ይቀራል። በየግቢው ዞሬ ስመለከት ክዳኑ ከበርሜሉ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ለባለሙያው ስነግረው ራሱ መጥቶ አየ፤ አንዲት እናት ውሃ ስትቀዳ ቆሞ ተመለከተ። ከዚያ አዲስ ዓይነት ሠራ፤ ግማሹ በርሜሉ ላይ በቪቴ ይታሰራል፣ ግማሹ በማጠፊያ ይነሳል፣ እጀታው እንጨት ነው፣ ለጎማ ማስገቢያ የተበሳው ቀዳዳ ደግሞ የወንፊት ልሳን አለው። ለለውጡ የማጠፊያውን ዋጋ ብቻ ተቀበለ። ከጣሪያ ላይ ላሉት የፕላስቲክ ታንከሮችም ነፋስ የወሰደውን ክዳን ተክቶ የትርፍ ውሃ ማስወጫውን ቱቦ አፍ በወንፊት ሸፈነ። ያቺ ቱቦ ትረሳለች፤ ክዳኑ ተዘግቶ ቢንቢዋ በእሷ ስትወጣና ስትገባ አይቻለሁ።

የላሜራ ክዳን የድሬን ውሃ ለረጅም ጊዜ መቻሉን እጠራጠራለሁ። ውሃችን ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ሁሉም ያውቀዋል። የክዳኖቹ የውስጥ ጠርዝ ላይ ነጩ መታየት ጀምሯል፤ ቀለሙ በተላጠበት ደግሞ ዝገት አለ። የፀረ ዝገት ቀለሙን ሁለት ጊዜ እንዲቀቡት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ካልጠየቃችሁ አንድ ጊዜ ነው የሚቀቡት። ክዳን ኖረም አልኖረም በርሜሉ በየሳምንቱ መፋቅ አለበት። ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የኤደስ እንቁላል ከበርሜሉ ግድግዳ ላይ ተጣብቆ ደርቆ ለወራት ይቆያልና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። በብሩሽ ይፋቅ።

አንድ ቀን ሥራ ቤቷ ተቀምጬ ወንፊት የሚያሠሩት እነማን እንደሆኑ ባለሙያውን ጠየቅሁት። አብዛኞቹ ከከዚራና አዳዲስ ቪላ ከተሠራባቸው ሰፈሮች የሚመጡ ናቸው አለኝ። ይህ አሳዘነኝ፤ ግን አልገረመኝም። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከዚራ በቀጥታ መንገድና በዛፍ ጥላ ተቀየሰች፤ መጋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ በራሷ አቅም ተጠጋግታ አደገች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰው ሲወስድ፣ የወሰደው ዳሩ ላይ ሌላ ቦታ አጥተው የሠፈሩትን ነው። አንድ ሰው በዚህች ከተማ ምን ዓይነት በሽታ ይዞት ወደ እኔ እንደሚመጣ፣ የላብ ቅጹ ላይ ሰፈሩን ሳነብ ብዙ ጊዜ እገምታለሁ፤ ባልገምት በወደድሁ። የተደረገ ነገር የለም ማለቴ ግን አይደለም። በ2009 ዓ.ም. የጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት ሴቶች መጥረጊያና አካፋ ይዘው ቦይ ሲያጸዱ ለዓመታት አይቻለሁ፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በር ለበር እየዞሩ በርሜል ይከፍታሉ፣ ያስተምራሉ። የጎደለው በትምህርቱና በቤቱ መካከል ያለው ነው። «በርሜላችሁን ክደኑ» የተባለችው እናት ክዳኑን ከየት ታመጣለች? የእኛ እድር የመለሰው ይህችን ጥያቄ ነው፤ ከተማ አቀፍ ሆኖ የሚመልሳት በጀት ቢገኝ ለአንድ ወረርሽኝ ከሚወጣው መድኃኒትና መመርመሪያ ይበልጣል ብዬ አላምንም።

በእኛ መንገድ ላይ ያልተዘጋ አንድ ነገር አለ። ግንባታው ከቆመ የቆየ አንድ ፎቅ አለ፤ ለኮንክሪት ማጠጫ የተቆፈረው ትልቅ የውሃ ጉድጓድ ክፍት ነው፣ ውሃም አያጣም። ከዚያ በብርጭቆ ብቀዳ የማገኘውን አውቃለሁ። ዳኛውና የአፎሻው ሰብሳቢ አብረው ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ጽፈዋል፤ መልስ እንጠብቃለን።

ወደ ሥራ ቤቷ የምትሄዱ ከሆነ በጠዋት ሂዱ። ከምሳ በኋላ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ዝግ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ተላላኪ ልጅ ነው፣ ዋጋም ቀጠሮም አይሰጥም። ሳይለካ የሚነገር ዋጋ አትቀበሉ፤ ባለሙያው ቤት ድረስ እንዲመጣ ጠይቁ፣ ለዚህ አያስከፍሉም። የእኛ ቤት መስኮቶችና በሩ ተደምረው፣ የጣሪያውን ክፍተት ጨምሮ፣ ሳቢያን ውስጥ አንድ ክፍል ቤት በወር ከሚከራይበት ብዙም አልበለጠም፤ ሲሚንቶው ለብቻው ነው። የሞላውን፣ የወንፊቱን ዓይነትና የቀለሙን ብዛት ደረሰኙ ላይ አስጽፉ። ቀብዱ ግማሽ ነው። የቀበሌ ቤት ተከራዮች አንድ ጊዜ መክፈል ካልቻሉ እንዲያከፋፍሉላቸው ለምኜ ነበር፤ እድር ወይም አፎሻ ዋስ ከሆነ ቀሪውን በሦስት ወር ለመቀበል ተስማምተዋል። የዋስትናውን ወረቀት የእድሩ ጸሐፊ ፈርሞበትና ማኅተም አድርጎበት ይዛችሁ ሂዱ፤ በቃል ብቻ አይቀበሉም።